እሜቴ የክምር ድንጋይን ዳገት ስትወጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ከእኔ ጋር አውቶቡስ መሳፈር አትወድም። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ወንበር እመርጣለሁ፤ እሷ ደግሞ ለወገቧ ታስባለች። «ሰው ሁሉ ወደፊት ሲሻማ አንተ ምን ሆነህ ወደ ኋላ ትሸሻለህ?» ትለኛለች። ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው መኪና ሁሉ ደህና ይመስላል። አካሉን ከሥር የተሸከመው ባሌስትራ ምን እንደሚል፣ አካሉ እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ ሞተሩ ዳገት ላይ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደሚያጥረው የሚታወቀው ከኋላ ነው። ይህን ያስተማሩኝ አያ ታከለ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ልጽፍ የተነሳሁትም ስለ እሳቸውና ቤት ተሸክማ ትዞር ስለነበረች አንዲት መኪና ነው።

የዛሬ ልጆች መኪና ሲታመም ኮምፒዩተር ይሰኩባታል፤ በሽታዋን ራሷ ትነግራቸዋለች። አልቀናም ብል ውሸት ይሆንብኛል። በእኛ ጊዜ መኪና የሚያማት ሌላ፣ የምታሳየው ሌላ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር ከተማ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ከመኪና ይልቅ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሞተር ለማውረድ እንኳ አጀንዳ ያስይዛል። እዚያ ጥቂት ዓመት የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ከኖርኩ በኋላ ደብረ ታቦር ወዳለ የአንድ ጤና መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተዛወርኩ። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ክሪክና አያ ታከለ ማለቴ ነው። ደመወዙ ለወንደላጤ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ዘመኑ የደርግ ነውና ሁላችንም «ጓድ» እንባባላለን። አያ ታከለን ግን ጓድ ብሎ የጠራቸው ሰው አላጋጠመኝም፤ ዕድሜያቸውም ፊታቸውም አይፈቅድም።

የጋራዡ ዋና በሽተኛ እሜቴ ነበረች። አገር ላገር ሲዞሩባት የነበሩ ፈረንጆች በለውጡ ጊዜ ጥለዋት የሄዱ፣ በናፍጣ የምትሠራ አሮጌ መኪና ናት። ጀርባዋ ላይ ሙሉ ቤት አለ፤ ሁለት አልጋ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ የተሰቀለባቸው መስኮቶች፣ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ በብረት የታጠረ የዕቃ መጫኛ ከነመሰላሉ። መሥሪያ ቤታችን በነጭ ጋዝ የሚሠራ የክትባት ማቀዝቀዣ አስገባባትና ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ አደረጋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ተነስታ፣ በገሳይ አድርጋ፣ ክምር ድንጋይ ገበያ ትወጣለች። ከጉና ሥር ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ እሷ ይመጣሉ። እሜቴ ያልናት በአካሄዷ ነው፤ እንደ ትልቅ ወይዘሮ ሳትቸኩል፣ ለሁሉም ሰላምታ የምትሰጥ ይመስል እየተጎነበሰች ትሄዳለች። አንድ ካድሬ ይህን ሰምቶ «በአብዮት ዘመን እሜቴ የሚባል የለም» ብሎ ስለተቆጣ ለጥቂት ቀን «ጓድ እሜቴ» እያልናት ሰነበትን።

ችግሯ ሁለት ነበር። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች አቅም ታጣለች፤ ጥምዝ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ታዘነብላለች። ሾፌሯ ይመር የወሎ ልጅ ነው፣ በጣም ረጋ ያለ። እሱ እንኳ «ጥምዟ ስትደርስ መሪውን ትቼ ዱዓዬን ነው የምይዝ» ይለን ነበር።

በዚህ መሃል ከጎንደር ትእዛዝ መጣ። ጓድ ፍሥሐ የሚባሉ የትራንስፖርት ኃላፊ ናቸው ያዘዙት። እሜቴ ለደጋ መንገድ የማትሆን ከሆነ ሜዳ ወዳለበት ወደ መተማ ቆላ ትዛወራለች፤ ለመወሰን ደግሞ ራሳቸው መጥተው በመንገድ ላይ ያይዋታል። በእሷ ፋንታ ለክምር ድንጋይ የሚመደብ ሌላ መኪና የለም። እሜቴ ከሄደች ክትባቱም አብሯት ሄደ ማለት ነው። የክሊኒኳ ኃላፊ ሲስተር ዘውዴ ወሬውን እንደሰማች ጋራዥ መጣች።

«አያ ታከለ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፤ ያን ሁሉ እናት ምን ብዬ ነው የማሰናብት?»

አያ ታከለ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «አታሰናብቻቸውም። እናድናታለን» አሏት።

በሞተሩ ጀመርን። የአየር ማጣሪያዋን ስፈታው ከሥሩ ያለው ዘይት ከመንገዱ አቧራ ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሆኗል። በናፍጣ አጠብኩት። ናፍጣ የሚረጩትን አፎች አንድ በአንድ አውጥተን አጸዳን፣ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካከልን። ከዚያ አያ ታከለ የናፍጣ ፖምፓውን ማስተካከያ ቡሎን ያዙና ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ናፍጣ ቀነሱት። እኔ ደነገጥኩ።

«አያ ታከለ! አቅም አጣች እያልን ምግቧን ይቀንሱባታል?»

«ሞላ፣ ምድጃ ውስጥ እንጨት አጨናንቀህ ታውቃለህ?»

«አዎን።»

«ምን ሆነ?»

«ያጨሳል እንጂ አይነድም።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? አገራችን ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። አየር ሳይበቃው ናፍጣ ብትግታት ጭስ ሁኖ ይወጣል፤ ሞተሩን ያግላል እንጂ አይገፋም። እንደ አየሩ አብላት።»

ሞተሩን ሳስነሳው ድምፁ ተለውጧል። ያ የጉሮሮ ማንቋረር ጠፍቶ ጥርት ያለ ምት መጣ። አያ ታከለ ሙገሳ የሚባል አያውቁም፤ የዚያን ቀን ግን ኮፈኗን መታ መታ አድርገዋት ሲያልፉ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ወደ ባሌስትራዋ ሄድን። ፒኖቹን ግራሶ አጠጣን፣ ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች አጠበቅን፣ ልቅ የነበረውን መሪ ሰበሰብን። አሁን የአያ ታከለ ፈተና ደረሰ። እሳቸው መኪና ሲፈትኑ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ አልጋው ላይ ይጋደማሉ፤ ከአጠገባቸው እስከ ግማሽ ውሃ የተሞላች ትንሽ ሳፋ ያስቀምጣሉ። ይመር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ይነዳል። ውሃው ወደ ላይ ከዘለለ ባሌስትራው ደርቋል፤ ወደ ጎን ሄዶ ቶሎ ካልተመለሰ አካሏ ይወዛወዛል ማለት ነው። መጀመሪያ ሳያቸው ለመተኛት ሰበብ ያገኙ መስሎኝ ነበር። ኋላ እኔም ከጎን ተቀምጬ ስመለከት ውሃው መንገዱን ጠጠር በጠጠር ሲተርክልኝ ገባኝ።

«ደህና ናት» አሉ ተነስተው።

ደህናም ነበረች፤ እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ማታ ላይ ይመር ከክምር ድንጋይ ተመልሶ «ኧረ ያው ናት፤ ስትመለስ ጭሷም መንገዳገዷም እንዳለ ነው» አለን። ጋራዥ ስትገባ ጤነኛ፣ መንገድ ስትወጣ ሕመምተኛ። ሐኪም ፊት የሚሽለው በሽተኛ አያጋጥምም? ልክ እንደዚያ።

አሁን የሥራ ዘመናችንን ትልቁን ሽንፈት ልንገራችሁ። አያ ታከለ ያደጉት በጭነት መኪና ነው፤ እኔም እንደዚያው። በእኛ አገር ጭነት መኪና ካዘነበለ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ባሌስትራው ላይ ብረት ይጨመራል። «ረጅም መንገድ ላይ ባሌስትራው እየደከመ ነው» ተባባልንና ከወደቀ የጭነት መኪና ብረት ፈትተን በግራም በቀኝም ጨመርንላት። ጠንከር ብላ ቆመች። ሁለታችንም ደስ ብሎን ነበር።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከክሊኒኩ ጋር እኔ ሄድኩ። ገሳይን እንዳለፍን መንገዱ ተበላሸ፤ እያንዳንዱ ድንጋይ በቀጥታ አጥንታችን ውስጥ ይገባል። ከኋላ ድው የሚል ድምፅ ሰማን። ይመር ሲያቆም በሩን ከፈትኩ። ማቀዝቀዣው ከተቀመጠበት ተነቅሎ ወድቋል፣ እሳቱ ጠፍቷል፣ ነጭ ጋዙ ወለሉ ላይ ፈሷል። የክትባቱ ጠርሙሶች ተሰባብረዋል። ሲስተር ዘውዴ ተንበርክካ ያልተሰበረ ስትፈልግ አንድም አላገኘችም።

ክምር ድንጋይ ስንደርስ እናቶቹ ከገበያው ዳር ተሰልፈዋል። ሲስተር እየዞረች የሆነውን ነገረቻቸው። አንዲት ቀጭን ሴት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እንደገና አዘለችው።

«ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ የእኔን ፊት አይታ ነው መሰለኝ «አይዞህ፣ ምን ታደርገው፤ መኪናም እንደ ሰው ይታመማል» ብላ አጽናናችኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሴቶቹ በመጡበት መንገድ አንድ በአንድ ሲመለሱ አየሁ። ከዚያ በላይ ያዘንኩበት የሥራ ቀን የለኝም። ስንመለስ እሜቴ ከነድርቀቷ አላዘነበለችም፣ አላጨሰችም። ይህን ለአያ ታከለ ስነግራቸው ይጽናናሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ቁልፋቸውን አንስተው የጨመርነውን ብረት መፍታት ጀመሩ።

«ሰው ያለባትን ቤት እንደ እህል መኪና አደረቅናት» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ከሥር ሆነው «ሞላ፣ ስትመለስ ምን ጭናችሁ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ምንም። ባዶዋን ናት።»

«ይኸ ነገር አልገባኝም። የሚመጣው ቅዳሜ እኔው እሄዳለሁ።»

ክትባቱ በሌላ ተተካ፣ ማቀዝቀዣውም ተጠግኖ በጠፍር ታሰረ፤ ቅዳሜም ደረሰ። ስንሄድ በሳፋው ያለው ውሃ እንደ ጨዋ ልጅ ፀጥ አለ። ክምር ድንጋይ ላይ አያ ታከለ አንድ ዘመዳቸውን አገኙ። «ሳይቀምሱማ አይሄዱም» ተባልንና ሲስተር ስትከትብ እኛ ከሰውየው ቤት ጠላ ስንጠጣ ዋልን። ስንመለስ ሁሉም ተሳፍሮ ሞተሩ ተነስቶ ጠበቀን። አያ ታከለ አልጋቸው ላይ ተጋደሙ፣ እኔ ከፊታቸው ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዋ ጥምዝ ላይ ውሃው በሙሉ ተገልብጦ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። በመስኮት ጥቁር ጭስ አየሁ። ይመር ወደ አንደኛ ማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ዝግ አለና ከበላያችን፣ ከጣሪያው፣ የበግ ድምፅ መጣ።

አያ ታከለ አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሞላ፣ ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምንድን ነው?»

«በግ ነው፣ አያ ታከለ።»

«ይመር! አቁም!»

በዚያ ዕድሜያቸው መሰላሉን ከእኔ ቀድመው ወጡት። ሸራውን ሲገልጡት ገብስ በጆንያ፣ ድንች በጆንያ፣ የጌሾ እስር፣ ማር በቅል፣ እግሩን የታሰረ አውራ ዶሮ፤ በመሃሉ ደግሞ አንድ ሙክት ቲኬት እንደቆረጠ መንገደኛ ቀና ብሎ ቆሟል። ሲስተር ዘውዴ ወርዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እምቢ ማለት አቃተን፣ አያ ታከለ። ‹ልጄን አክመሽ የእጄን ልትንቂው ነው?› ይሉኛል። ስጦታ መቀበል ደግሞ ክልክል ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳያየው ጣሪያ ላይ እናደርገዋለን። ይመርንም ለማንም እንዳይናገር አደራ ብዬዋለሁ። ከተማ ስንገባ ሆስፒታል ለተኙ ድሆች አድለን ነው ወደ እናንተ የምንመጣ።»

ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ በራልኝ። ጋራዥ የምትደርሰው ሁልጊዜ ከተራገፈች በኋላ ነው። ክትባቱ በተሰበረበት ቀን ደግሞ የታከመ የለምና የሰጠም የለም፤ ስለዚህ አላዘነበለችም። አያ ታከለ ከመሰላሉ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሳቁ። እኔ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ እንባቸው እስኪወርድ፣ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ።

«እኔ ብረቷን ስመረምር! ለካ በሽታዋ የሰው ደግነት ነው!»

እዚያው አዙረን ክምር ድንጋይ ተመለስን፤ ጓድ ፍሥሐ የሚመጡት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነውና ጊዜ የለንም። የአካባቢው ሰው የሚሰማቸው ቄስ አድማሱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘናቸው። አያ ታከለ መስቀል ተሳለሙ።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታዎ። ምነው ተመለሳችሁ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅ በጀርባ ሲታዘልና እሽኮኮ ሲባል ለተሸካሚው አንድ ነው?»

«እሽኮኮማ ያንገዳግዳል እንጂ።»

«እኛም እሜቴን እሽኮኮ አሸክመናታል። ጉልበቷ ራሷን ለማውጣት ነው የሚበቃ፣ ትርፍ የላትም። ቅዳሜ ከጎንደር ሰው ይመጣል፤ ስታዘነብል ካያት ወደ ቆላ ይወስዳታል። ልጆቻችሁም ሳይከተቡ ይቀራሉ።»

ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «እንግዳ ባዶ እጁን ሸኝተን አናውቅም» አሉ። ጭንቀታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል። በመጨረሻ «ይሁን። ከእሜቴ ላይ አንዲት ፍሬ ገብስ አይወጣም። ለሕዝቡ እናገራለሁ» ብለው ቃል ሰጡን።

ቅዳሜ ጓድ ፍሥሐ በጂፓቸው መጡ። የተኮሳተሩ ቢመስሉም ቅን ሰው ናቸው፤ «እኔ እሷን ጠልቼ አይደለም፣ ሰው ይዛ ገደል እንዳትገባ ነው» አሉን። ስንሄድ ከእኛ ጋር ከኋላ ተሳፍረው ሳፋውን በአድናቆት ሲያዩ ሄዱ። ጂፓቸው ባዶዋን ተከተለችን። ክምር ድንጋይ ላይ ሥራው ተጀመረ። ያቺ ቀጭን ሴት መጥታ ነበር። ልጇ መርፌው ሲነካው ገበያውን በለቅሶ አናጋው፤ እንደዚያ የወደድኩት የልጅ ለቅሶ የለም።

ፈተናው አሁን ነው። ከክምር ድንጋይ ወጣ እንዳሉ ያለው ዳገት ላይ ነው ሁልጊዜ የምትሸነፈው። ጓድ ፍሥሐ «አሁን ከኋላ ሆኜ ማዘንበሏን ልይ» ብለው ወደ ጂፓቸው ሄዱ። ሄደውም ቆሙ። ጂፗ በጆንያ ታጭቃለች። የማር ቅሉ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፣ የጌሾው እስር ከኮፈኗ ላይ ታስሯል፣ ከኋላ አንድ ትልቅ ሙክት በመስኮት ያያል። ሾፌራቸው ከጎን ቆሞ አንገቱን ደፍቷል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ቄስ አድማሱ ረጋ ብለው ቀረቡ። «እሜቴ ላይ እንዳንጭን ተነግሮን ነበር። ስለ ጂፗ ግን የነገረን የለም።»

«አባ፣ ክልክል ነው እኮ!»

«ስንቅ ነው እንጂ ምን ነውር አለው? እንግዳችን ነዎት። የእጃችንን ሊንቁት ነው እንዴ?»

ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ መልሱን ይጠብቃል። ጓድ ፍሥሐ ወደ ሲስተር ዘውዴ ዞሩ፤ ሲስተር ሳቋን ለመደበቅ መሬት መሬቱን ታያለች። ማሩን አንስተው ጂፓቸው ላይ ተሳፈሩና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ዳገቱ ሥር ስንደርስ ይመር ከመጀመሪያው ሁለተኛ ማርሽ ያዘ። ሞተሩ ጎርነን ብሎ መግፋት ጀመረ። አያ ታከለ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ጥምዟ መጣች፤ እሜቴ ትንሽ ዘንበል አለችና ወዲያው ቀጥ አለች። ጭሱ ስስ ነው። ሁለተኛዋ ጥምዝ፣ ሦስተኛዋ። ከአናቱ ላይ ስንወጣ ይመር አቆመና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ግንባሩን ከመሪው ላይ አደረገ።

ወርደን ወደ ኋላ ስናይ ጂፗ የለችም።

ቁልቁል ተመለከትን። ዳገቱ ወገብ ላይ እያነጠሳት ቆማለች። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ዱላቸውን ጥለው ከኋላ እየገፏት ነው፣ እየሳቁ፣ እየጮሁ። ሙክቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሥራውን የሚቆጣጠር ይመስላል። ከገፊዎቹ አንዱ ኮቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ላብ ያጠመቀው ሰውዬ ነው፤ ጓድ ፍሥሐ።

እየተገፋች አናቱ ላይ ደረሰች። እሜቴ ትሄድ እንደሆነ፣ እናቶቹ ይቀሩ እንደሆነ፣ የሚወሰነው አሁን ነው፤ ደግሞ በዚህ መልኩ ያዋረድናቸው ኃላፊ ናቸው የሚወስኑት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስኪተነፍሱ ድረስ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ሞተሯ ጠፍቶ፣ መጋረጃዋ ሳይዛነፍ፣ እየጠበቀቻቸው ያለችውን እሜቴን አዩ። ዞረው ደግሞ ጂፓቸውን አዩ። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው።

«አያ ታከለ» አሉ፤ ጓድ አላሉም። «ለመተማ ሜዳ የምትሆነው የእኔዋ ናት። ይችን እዚሁ ተዉልኝ።»

ከሁላችን ቀድማ እልል ያለችው ሲስተር ዘውዴ ናት። ጂፗን ሲገፉ የወጡት ገበሬዎችም ምን እንደተባለ እንኳ ሳይጠይቁ ተቀበሏት።